መሃሉ ለምን ይወርዳል

ሰኞ ዕለት፣ የዐስር ሰላት ሊሰገድ ሲል፣ የከሰዓት አስተማሪዬ ቲቸር፣ ሳምቡሳ ወደምንሸጥበት የቆርቆሮ ጥላ ብቅ አለና «ተቀብለውሻል» አለኝ።

እጄ እስከ ክርኔ ዱቄት ነበር። ምን እንደማደርግበት ጠፋኝና አፌን ያዝኩበት። ከዚያ እስከ መግሪብ ድረስ ነጭ ጢም ይዤ ሳምቡሳ ስሸጥ ማንም ሰው አልነገረኝም። ገዢዎቹ ደስ ያላት ልጅ እንዲህ ነው የምትመስለው ብለው ትተውኝ ይሆናል።

የተቀበለኝ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ያለው የቀን ትምህርት ቤት ነው። እዚህ ሳምንቱ የሚጀምረው ቅዳሜ ስለሆነ ከቅዳሜ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እማራለሁ። በዚያ ላይ በየሐሙሱ፣ ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ፣ ተራ በተራ ለአንድ የትንንሾች ክፍል ስምጥ ሸለቆ እንዴት እንደሚፈጠር እንዳሳያቸው ጠይቀዋል፤ ያውም «ሊጡን ይዛ ትምጣ» ብለው። ቲቸር ይህን ሁሉ ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። እኔም እየሳቅኩ ነበር። እማ ግን መዳመጫዋን ሊጡ ላይ አቆመችና «ጠዋት?» አለች።

 ሊጡን መልሳ መዳመጥ ጀመረች። ጠዋት ሊጡ የሚቦካበት፣ ሽንኩርቱ የሚከተፍበት፣ የመጀመሪያው ሳምቡሳ ለግንበኞች የሚጠበስበት ሰዓት ነው። እኔ ጠዋት ከሌለሁ እማ ብቻዋን ናት። ይህንን ቲቸርም ያውቃል፤ ለዚህ ነው መሳቁን ቶሎ የተወው።

መጻፍ እንደምችል ያወቅኩት በቅርቡ ነው። ቲቸር «ስታወሪ የምትዪውን ጻፊው አቦ፣ ጌጥ አታብዢበት» ብሎኛል። ስለዚህ አላበዛም። ግን በደስታው ጀምሬ በደስታው ብጨርስ ውሸት ይሆንብኛል፤ የዚህ ነገር አብዛኛው ክፍል ድካም ነው።

እዚህ ከተማ፣ ጦርነት ካፈረሳት በኋላ እንደገና በምትሠራው በዚህች የሶማሌዎች ከተማ፣ ሁሉም ሰው ደክሞታል። ከስደት የተመለሰው የፈረሰ ቤቱን ሲያነሳ ይደክማል፤ እንደ እኛ ከኢትዮጵያ ለሥራ የመጣው ደግሞ የሰው ቤት ሲያነሳ ይደክማል። አባባ 31 ሜይ የሚባል ሰፈር ውስጥ ልስን ይለስናል። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ላይ የቀሩ የጥይት ቀዳዳዎች ሲደፍን ይውላል። ማታ ሽፋሽፍቱ ላይ ሲሚንቶ ይዞ ይመጣና እራቱን ጀምሮ፣ ጉርሻው እጁ ላይ እንዳለ ያንቀላፋል። ከጎናችን ሻይ የሚሸጡት ሴትዮ አሉ፤ ኤዶ እላቸዋለሁ፣ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው። እሳቸው በጦርነቱ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ መጠለያ ጣቢያ ኖረው አማርኛውንም እዚያው ተሰልፈው ሲጠብቁ ለምደውት ነው የተመለሱት። ቤታቸው የቆመው እስከ መስኮቱ ድረስ ነው። ሲደላቸው አንድ ረድፍ ብሎኬት ይጨምራሉ፣ ሳይደላቸው ደግሞ ያለውን ረድፍ እያዩ ሻይ ያፈላሉ።

የእማ ድካም ግን ከሁሉም ይለያል። እሷ ተቀምጣም ይደክማታል። ከሱብሂ ሰላት በፊት ተነስታ በርሜል የሚጎትተውን አህያ ድምፅ ትጠብቃለች፤ ውሃ የሚሸጠው ሰውዬ ካለፈን ሊጥም የለም፣ ሳምቡሳም የለም። ከዚያ ታቦካለች፣ ታድቦለቡላለች፣ ትዳምጣለች፣ ዘይት ቀብታ ትደራርባለች። የሳምቡሳ ሥራው ሊጡ ስስ መሆኑ ላይ ነው። ሊጡ ጥቂት እንኳ ክፍት ከቆየ ሽፋን ያወጣል፤ ሽፋን ያወጣ ሊጥ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ሳምቡሳ ደግሞ ዘይት ይጠጣል። ኮምቦልቻ እያለን እማ ሊጧን ክፍት ትታ ከጎረቤት ጋር ወሬዋን ጨርሳ ትመለስ ነበር አሉ። እዚህ ነፋሱ አያስወራም። ያለ እርጥብ ጨርቅ ሊጥ አይቀመጥም፤ ጨርቁንም ቶሎ ቶሎ ማርጠብ ነው። ይኼ የእኔ ሥራ ነበር። ከሰዓት ትምህርት ስሄድ ግን የእሷ ይሆናል።

እንድማር የተፈቀደልኝ እስከተወሰነ ጊዜ ብቻ ነበር። የቲቸር ክፍል የሚያስተምረውን እስኪጨርስ እማራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ከእማ ጋር እሠራለሁ ተባብለናል። እማ ይህን ስትወስን ክፉ ሆና አይደለም። «ልጄ፣ እኔ እኮ አልቻልኩም» ነው ያለችው፣ ወደ ሌላ ቦታ እያየች።

የቲቸር ክፍል እዚሁ እኛ ሰፈር፣ ጅግጅጋ ያር፣ ከአንድ የቀለምና የሚስማር ሱቅ ጀርባ ያለች ክፍል ናት። ወንበሮቻችን ግንበኞች ቆመውባቸው የጣሏቸው ጣውላዎች ናቸው፤ ቀሚሳችንን ስለሚይዙት ሁላችንም ከኋላ የተቀደደ አለብን። የምንማረው ከኢትዮጵያ የመጣንና እዚያ አድገው የተመለሱ ልጆች ስለሆንን ትምህርቱ በአማርኛ ነው። ቲቸር ራሱ የዚህ አገር ሰው ነው፤ ግን ያደገው ድሬዳዋ ነው። የድሬዳዋ ሰው ስለሆነ ሽማግሌም ይሁን ሕፃን «አንተ» እና «አንቺ» ነው የሚለው። መጀመሪያ የመጣ ቀን እማን «አንቺ፣ ሳምቡሳሽ ይጥማል አቦ!» አላት። እኛ የወሎ ሰዎች ደግሞ የማናውቀውን ሰው እንደዚያ አንልም። እማ ሂሳቡን ተቀብላ ከሸኘችው በኋላ «ይኼን ልጅ ያሳደገው የለም?» ብላ ቀኑን ሙሉ ተብሰለሰለች። ኤዶ «ተይው፣ ድሬ ናት ያሳደገችው» ብለው ሳቁባት።

ታዲያ አንድ ቀን ቲቸር ስለ ስምጥ ሸለቆ አስተማረን። ሰሌዳው ላይ ሰፊ ምድር ሣለ። ከሥሩ፣ ከጥልቁ፣ ሙቀት ወደ ላይ ይገፋል አለ። ሙቀቱ ሲገፋው ምድሩ ያብጣል፤ ቀልጦ የወጣው ድንጋይ በላዩ እየፈሰሰ ይረጋል፣ በረጋው ላይ ሌላ ይፈስሳል። ደጋው የተሠራው እንደዚህ ነው፣ ተደራርቦ። ከዚያ ያበጠው ምድር ወደ ሁለት ጎን ይሳባል። ይሰነጠቃል። በስንጥቆቹ መካከል ያለው ይወርዳል፣ ዳርና ዳሩ እንደ ደረጃ ይቀራል። በወረደው ቦታ ውሃ ይተኛበታል፣ ከዳር የታጠበ አፈር ይሞላበታል፣ እዚህም እዚያም እሳተ ገሞራ ይበቅልበታል። እየሰፋና እየሳሳ ሄዶ ሄዶ ባሕር ይገባበታል።

እኔ ያልጠበቅኩት ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኮምቦልቻ አጠገብ ያለው የቦርከና ሸለቆ፣ እማ ልጅ ሆና ያደገችበት ማለት ነው፣ ደጋው ዳር ላይ የተሰነጠቀ ትንሽ ሸለቆ ነው አለ። ከእሱ ወደ ምሥራቅ ወርደን በአውቶቡስ ያቋረጥነው ያ ትኩስ ሜዳ ደግሞ ትልቁ ነው። የዚህ አገር ወደብ በርበራ ላይ ያለው ባሕርስ? እሱም ድሮ ሸለቆ ነበር። «ቀድማ የተወለደች ታላቅ እህት ናት» አለ።  በርበራን አይቼ አላውቅም፣ ግን ዘመዴ የሆነች መሰለኝ።

ከዚያ እጄን አወጣሁ። ሁለቱ ጎን ከተሳበ መሃሉ ባዶ ይከፈታል እንጂ ለምን ይወርዳል ብዬ ጠየቅኩ። ቲቸር ሥዕሉን አጥፍቶ መልሶ ሣለው። እንደገና አጠፋው። ጢሙን ሲያክ ጢሙ በጠመኔ ነጣ። ያለው ሁሉ እውነት ነበር፣ እኛ ግን ማየት አልቻልንም፤ ሥዕል አይወርድማ። በመጨረሻ፣ ቤተሰቦቻችን በሚሰበሰቡበት ቀን የቀን ትምህርት ቤቱ ኃላፊ እንደሚመጡና ተማሪ እንደሚመርጡ ነገረን። «ይህን ነገር በአፍ ሳይሆን በእጁ የሚያሳየኝ ካለ እሱ ይቅረብ» አለ። እኔን እያየ ነው ያለው።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ ብል ውሸቴን ነው፤ በጣም ስለሚደክመኝ እተኛለሁ። ግን ስሠራ ሳስበው ዋልኩ። መጀመሪያ ከአባባ ሥራ ቦታ የተረፈ ጭቃ አምጥቼ ጣውላ ላይ ዘርግቼ ሞከርኩ። ተፈረካከሰ። ትንሽ ሲሚንቶ ብጨምርበት ጭራሽ ድንጋይ ሆነ። አባባ ከሥራ ሲመጣ እግሩ ሥር ያንን አገኘ። «ቀኑን ሙሉ ስንጥቅ ስደፍን ውዬ፣ አንቺ ደግሞ ቤት ውስጥ ስንጥቅ ትሠሪብኛለሽ?» አለኝና ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ጋደም አለ።

መሰብሰቢያው ሲቀርብ አንድ ቀን ከክፍል ስመለስ እማ ግድግዳ ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። መዳመጫው ጭኗ ላይ ነው። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። እማን ቀን ተኝታ አይቻት አላውቅም፤ ትንሽ ፈራሁ። እርጥቡን ጨርቅ ነፋሱ ገፎት ከሰሉ ከረጢት ላይ ጥሎታል። ሊጡ ደርቋል። ላዩ እንደ ቆዳ ሆኖ ውስጡ ግን አሁንም ለስላሳ ነበር።

ላድነው ብዬ በሁለት እጄ ዳርና ዳሩን ይዤ አነሳሁት። ሲሳብ የላዩ ቆዳ ጠስ ጠስ አለ። ስንጥቆቹ ጎን ለጎን ነበሩ፣ ሁለት መሥመር ሆነው። መሃላቸው ያለው ቆዳ ደግሞ ሳይበጠስ፣ እንዳለ፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሰመጠ።

ሊጡን እንደያዝኩ ቆምኩ። የማስቀምጥበት ቦታ አልነበረኝም፣ ማስቀመጥም አልፈለግኩም።

እማ ነቃች። ሊጡን አየችው፣ ከረጢቱ ላይ ያለውን ጨርቅ አየችው። «ተበላሸ» አለች። ድምፅዋ ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበረውም። ዓይኗ ሲሞላ አየሁት።

«እማ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ» አልኳት።

ለምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ያዘች። ሌላ የደረቀ ድቡልቡል አነሳን። ጡጫዬን ከሥር አድርጌ ወደ ላይ ገፋሁት፤ አበጠ። ይኼ ሙቀቱ ነው አልኳት። ከዚያ ሁለታችንም ሳብነው። ቆዳው ተሰነጠቀ፣ መሃሉ ወረደ፣ ዳርና ዳሩ ደረጃ ሆኖ ቀረ። እየነገርኳት ነው የገባኝ፤ ላዩ ደረቅ ነው፣ ሲሳብ ከመሰንጠቅ ሌላ አያውቅም። ከሥሩ ያለው ትኩስና ለስላሳ ነው፣ ሲሳብ ይሳሳል። ሥሩ የሳሳበት ቦታ ላዩን የሚሸከምለት የለም። ስለዚህ ይወርዳል። ክፍት የሚሆነው በጣም ሲሳብ ነው፣ መጨረሻ ላይ፣ ያኔ ነው ባሕሩ የሚገባው።

እማ ሊጡን አልለቀቀችም። የምትሰማኝ አልመሰለኝም ነበር። እሷ ግን ስለመጣንበት መንገድ አነሳች። ስንመጣ ከኮምቦልቻ ቁልቁል የወረድነውን ታስታውሰዋለች። ሙቀቱን፣ እስክትታመም ያንገላታትን። ከዚያ ደግሞ በሌላኛው በኩል ሽቅብ ወጥተን ብርድ ላይ መድረሳችንን። ያን ጊዜ አባባን «መልሰን ለምንወጣው ለምን ወረድን?» ብላ ጠይቃው ነበር፤ አባባ ሾፌሩን ጠይቂው ብሏት ተኛ።

አንድ ምድር እንደነበር ነገርኳት። የኮምቦልቻው ደጋና የሐረሩ ደጋ፣ እዚህ እኛ ያለንበትም ጭምር፣ አንድ ላይ የነበሩ ናቸው። መሃሉ ነው የወረደው። እኛ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ነው የተሻገርነው።

«አሁንም ይሳባል?» አለች።

«አዎ። ግን በጣም ቀስ ብሎ፣ ጥፍር ከሚያድገው እንኳ ቀስ ብሎ።»

«እና ኮምቦልቻ የቀረችው እናቴ በየዓመቱ ትርቀኛለች በይኛ።»

«ትንሽ ናት እኮ እማ። አትታይም።»

«ትንሽም ብትሆን ርቀት ናት» አለችና የያዘችውን ዳር ቀስ ብላ አስቀመጠች።

የመሰብሰቢያው ቀን ሊጡን የሚይዝልኝ ሁለተኛ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። እማ ሥራዋን ለኤዶ አደራ ብላ መጣች። ያን ቀን ጨርቁን ሆን ብለን አላረጠብነውም። ሊጡን ለነፋሱ ሰጠነው። እማ መንገድ ላይ ሊጡን እያየች «አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ለብልሽት ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው» ትል ነበር። ቲቸር በር ላይ ሲያያት «መጣሽ እንዴ አንቺ!» አላት፤ እሷም ለምዳዋለችና «መጣሁ አንተ» ብላ አለፈች።

ሲሳብ መጀመሪያ ዝም ብሎ ተለጠጠ።  የእማን ዓይን ሳየው «አብሽሪ» አለችኝ በከንፈሯ ብቻ፤ ከዚያ እጇን ከሥሩ አስገብታ ወደ ላይ ገፋችው። ላዩ ጠስ አለ። መሃሉ ወረደ። ከኋላ የነበሩት ሰዎች ለማየት ጣውላው ላይ ቆሙ፣ ጣውላውም እንደ ልማዱ የአንዷን ቀሚስ ያዘ። ኃላፊው በሶማሊኛ ወደፊትስ ምን ይሆናል ብለው ጠየቁኝ። በሶማሊኛ መለስኩላቸው፤ ባሕር ይገባል፣ በርበራ ላይ እንደገባው፣ ግን እኔም እርስዎም አናየውም አልኳቸው። ሳቁ። እማ ግን ሊጡን ጠቅልላ ይዛው ወጣች። ቤት ስንደርስ እንደገና በውሃ አሽታ ዳመጠችው፤ ለእራታችን ሆነ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው ሰኞ «ተቀብለውሻል» የተባለው፣ እማም «ጠዋት?» ያለችው።

ማክሰኞ እንደ ወትሮው ነጋ። ሠራን። ውሃ መጣ፣ አቦካን፣ ጠበስን። እኔ ደስታዬን የማስቀምጥበት አጣሁ፤ ፊቴ ላይ ካወጣሁት እሷን የምከስሳት ይመስለኛል፣ ከደበቅኩት ደግሞ ትምህርቱ ይቅርብኝ ብዬ የምነግራት። ከሰዓት ቲቸር እንደገና መጣ። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶታል። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመና «እናታችን፣ እርስዎን አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር» አለ።

እማ ደንግጣ ቀና አለች። «አመመህ እንዴ?»

ኤዶ የሻይ በራዳቸውን አስቀምጠው በሳቅ ወደቁ። ቲቸር ራሱ መቆጣጠር አቃተው። እማም ሳቀች፤ ብዙ ጊዜ ስላልሳቀች ሳቁ መሃል ላይ ሳል ሆነባት። ሳሉ ሲያልፍላት መዳመጫዋን በጨርቅ ጠረገችና ስታስበው የነበረውን ነገረችን። ከቅዳሜ ጀምሮ ጠዋት አትሠራም። ግንበኞቹ ጠዋት ኤዶ ጋ ላሆህ፣ የሶማሌዎቹን ትንሽ እንጀራ፣ በሻይ ይብሉ፣ ኤዶም ብሎኬታቸውን ይጨምሩበት። ከሐሙስ በቀር እኔ ከዙሁር በኋላ ስመለስ አብረን እናቦካለን፣ ከዐስር በኋላ እንሸጣለን። የሚጎድለው ይጉደል።

«እንቅልፍ ነው የምተኛው» አለች። «ከመጣን ጊዜ ጀምሮ ጠዋት ተኝቼ አላውቅም። እስቲ ልየው።»

«እኔስ ስሄድ አልርቅሽም?» አልኳት።

«አንቺማ አሕመድ ዳጋህ ነሽ። እሱ ርቀት ነው?» አለችኝ። ቆይታ ግን፣ ለራሷ ይመስል፣ «ትንሽ ናት» አለች።

ይኸው ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ እስክሪብቶዬ ላይ ሊጥ አለ። የጻፍኩትን ለእማ አነበብኩላት። አንዳንዱን ቦታ «ይኼን ለምን አስገባሽው?» አለች፣ ግን አውጪው አላለችም። ስጨርስ ይህን የሚያነቡት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ጠየቀችኝ። አላውቃቸውም፣ ማንም ሊያነበው ይችላል አልኳት። አሰበችና የየሐሙሱን ሊጥ ከታየ በኋላ እዚያው የትምህርት ቤቱ ግቢ እንደምትጠብሰው ነገረችኝ፤ ዘይቱን ራሷ ታመጣለች።

«ይምጡ በያቸው» አለች። «ሸለቆውን ይዩ። በልተው ግን እንዳይመጡ።»

እንግዲህ ተጠርታችኋል። ሐሙስ ሐሙስ፣ ከዙሁር በኋላ፣ አሕመድ ዳጋህ። ከደረሳችሁ አንዱን ዳር እናንተ ትይዙልኛላችሁ።